እስከ መጨረሻው ያላየሁት ዲስክ

ዘንድሮ የሱቄን ቁልፍ ለአከራዬ መልሼ ወደ አባቴ ጨርቅ መደብር ገባሁ። አባቴ ካረፈ ቆይቷል፤ መደብሩን የያዘው ወንድሜ ነው። አንድ ጥግ መደርደሪያ ለቀቀልኝና፣ «በይ እንግዲህ፣ ወደ ዘመዶችሽ ተመለሽ» አለኝ። ዘመዶቼ ያለው ጣቃዎቹን ነው። እዚህ ጎንደር፣ አዲስ ዓለም ሰፈር የእኛ ቤተሰብ ጨርቅ ያልሸጠበት ጊዜ አይታወስም። ከዚያ መስመር ወጥቼ ግማሽ ዕድሜዬን የሰው ሰርግ ስገለብጥ የኖርኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ሥራው ምን እንደነበረ ለዛሬ ልጆች ማስረዳት ይቸግራል። ሰው በካሜራ ወይም በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ ይዞ ይመጣል። ቤቱ ያለው ዲቪዲ ማጫወቻ ግን ያንን ፋይል አያውቀውም፤ ወይ ውጦ ዝም ይላል ወይ ይተፋዋል። እኔ ፋይሉን ማጫወቻው ወደሚያውቀው ዓይነት እለውጥና ባዶ ዲስክ ላይ እጽፈዋለሁ። ኮንቨርት ማድረግና በርን ማድረግ እንለው ነበር። ይህን ሁሉ ለእህቴ ልጅ ከተረኩላት በኋላ፣ «ታዲያ ለምን በቴሌግራም አይላላኩም ነበር?» አለችኝ። ሱቄን ያዘጋኝ ይኸው ጥያቄ ነው።

የጀመርኩት አዘዞ ነው። ካሴት በሚያከራይ ዘመዳችን ቤት ስድስት ወር ተቀመጥኩ፤ አቧራ ከመጥረግ በቀር የተማርኩት የለም። ከዚያ ኮምፒውተር ተማርኩና ፒያሳ አንድ ፎቶና ቪዲዮ ቤት ተቀጠርኩ። አባቴ አልወደደውም። ጭፈራ ሲያዩ ከሚውሉ ወንዶች ጋር ሴት ልጅ ምን ትሠራለች ብሎ፣ አንድ ቀን ዙሁር ሰግዶ ሳይነግረኝ መጣ። ሥራ የሚያስተምረኝ ጋሽ አበጀ ወንበር ሰጠው፣ ሻይ አዘዘለት፣ ይቅርታ ጠይቆም ወደ ሥራው ዞረ። አባቴ አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀምጦ ያየው፣ አንድ ሽበታም ሰው ወገቡን አቅንቶ የማያውቃቸውን ሰዎች ሰርግ ትንፍሽ ሳይል ሲመለከት ነው። ሲወጣ፣ «ይኼ ሰውዬ ሥራ ላይ ነው ወይስ ቅጣት ላይ?» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ስለ ሥራዬ ክፉ ተናግሮ አያውቅም።

ጋሽ አበጀ የቤቱ ባለቤት አልነበረም። ባለቤቱ ሌላ ነው፤ ችኩል፣ ደግ፣ ደሞዝ በቀኑ የሚከፍል ሰው። ጋሽ አበጀ ግን በደርግ ጊዜ ሬዲዮ ሲጠግን የኖረ፣ ግራጫ ጋዋን ለብሶ እርሳስ በደረት ኪሱ የማይለየው ባለሙያ ነበር። እኔን ዘይነብ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም፤ ዘይኑ ነው የሚለኝ። ሲቆጣ ብቻ «እሜቴ ዘይነብ» ይላል፤ ያን ጊዜ የያዝኩትን ሁሉ አስቀምጣለሁ።

መጀመሪያ ያስተማረኝ ዲስክ አያያዝ ነው። በጠርዙና በመሃል ቀዳዳው እንጂ ገጹን መንካት የለም። «ጣትሽ ያረፈበት ቦታ ላይ ሙሽራዋ ደርቃ ትቀራለች» ይለኝ ነበር። እውነቱን ነው፤ የጣት ወዝ የነካው ቦታ ሲደርስ ምስሉ ቀጥ ይላል። ሲጠረግም ከመሃል ወደ ዳር ነው እንጂ ዙሪያውን አይደለም። ለዚህ ሥራ ሚስቱ ካረጀ ነጠላ ቆርጣ የሰጠችውን ጨርቅ በላስቲክ ጠቅልሎ መሳቢያ ውስጥ ያኖር ነበር፤ ያን ጨርቅ ሌላ ነገር የጠረገበት ሰው ወየውለት።

ሁለተኛው ትምህርት ትዕግሥት ነው። የአንድ ሰዓት ፊልም ኮንቨርት ለማድረግ የዚያን ጊዜው ኮምፒውተራችን አራት ሰዓት ይፈጅበታል። ዲስኩን መጻፍ ግን በፍጥነት ይቻል ነበር፤ ጋሽ አበጀ ነው እንቢ የሚለው። ሁልጊዜ ዝቅተኛውን ፍጥነት ይመርጣል። አንድ ጊዜ ብነዘንዘው፣ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ ዲስክ ግን ከፈሰሰ አይለቀምም» አለኝ። መብራት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊ ካውያውን ሲሰካ የእኛ ኮምፒውተር ይጠፋል፤ ግማሽ የተጻፈ ዲስክም ለዶሮ ማስፈራሪያ ካልሆነ አይረባም። ስለዚህ ተስማማን፤ እኛ በር ላይ ቀይ ክር ሲንጠለጠል እሱ ካውያ አይሰካም። የሰፈሩ ሰው የክሩን ምሥጢር ሳያውቅ ብዙ ነገር አወራ፤ አንዱማ መድኃኒት አሰርታችሁ ነው ብሎ ደጃችንን መርገጥ ተወ።

ድምፅና ምስል ሲለያዩ የሚያውቅበት ዘዴ ነበረው። ኮንቨርት ሲደረግ አንዳንዴ ድምፁ ይቀድማል ወይ ይዘገያል። እኔ የዘፋኙን አፍ አያለሁ። እሱ ግን፣ «አፉን ተይው፤ አፍ ያታልላል። ከበሮ መቺዋን እያት» ይላል። እጇ ከበሮው ላይ ሲያርፍና ድምፁ ሲሰማ እኩል ከሆነ ሥራው ደህና ነው። ዛሬም ሰርግ ስጠራ ዓይኔ የሚሄደው ወደ ከበሮዋ ነው፤ ምግቡን ማን እንዳቀረበው አላስታውስም።

የምስሉ ስፋትም ብዙ ጊዜ አጣልቶናል። በሰፊው የተቀረጸውን እንዳለ ለአራት ማዕዘኑ ቴሌቪዥን ከሰጠነው ሰው ሁሉ ቀጥኖና ረዝሞ ይታያል። አንዲት የማክሰኝት እናት ዲስኩን ይዘው መጥተው፣ «ልጄን በዳርኩ በወሩ እንዲህ አከሳችኋት? አማቶቿ ሲያዩ ምን ይላሉ?» አሉን፤ አስተካከልንላቸው። በሳምንቱ ሙሽራው ተደብቆ መጣ። ሰውዬው አጭር ነው። «የመጀመሪያውን ትመልሱልኝ?» አለን። ጋሽ አበጀ ሳይስቅ ሠራለት፤ ከወጣ በኋላ ግን ጋዋኑን አፉ ውስጥ ጎስጉሶ ሳቀ።

ሱቁ ውስጥ ሦስት ማጫወቻ ነበረን። ሁለቱ ደህና ናቸው። ሦስተኛው ክዳኑ በፕላስተር የተያዘ፣ ትንሽ ጭረት ያየ እንደሆነ የሚያነክስ አሮጌ ነው። ጋሽ አበጀ «ጠላቴ» ይለዋል። ማንኛውም ዲስክ ከቤት ከመውጣቱ በፊት ጠላቴ ላይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይታያል። «እሱ ካጫወተው የትም አገር ይጫወታል። እኛ እዚህ ብናየው ምን ዋጋ አለው፣ ዲስኩ የሚኖረው ከሰው ቤት ነው» ይላል። ያልተማመነበት ሲሆን ደንበኛውን ማጫወቻውን ራሱን ያስመጣዋል፤ ከደባርቅ በጋቢ ጠቅልለው አውቶቡስ ላይ ጭነው የመጡ አሉ። ካየ በኋላ በዲስኩ ወረቀት ፖስታ ላይ በእርሳስ አንዲት ቃል ይጽፋል። «አይቼዋለሁ።» ያ ቃል ያለበት ዲስክ አልጫወት ብሎ ተመልሶ መጥቶ አያውቅም።

ሁሉንም ነው የሚያየው። አንድ ጊዜ አንዲት ነርስ ለገጠር እናቶች የሚታይ የወሊድ ትምህርት አመጣችልን። ጋሽ አበጀ ሲጀምር ደነገጠ፤ እኔ አጠገቡ ነኝ። ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ግን አይቼዋለሁ ብሎ ሊጽፍ ነውና እያሰለሰ በትከሻው ላይ ዞር ይላል። ሕፃኑ ወጥቶ ሲያለቅስ መነጽሩን አወለቀ። በማግስቱ ሚስቱ ሱቅ ድረስ መጥታ፣ «ኧረ ምንድን ነው ያሳያችሁት? ትናንት እግርሽን ካላጠብኩ ብሎ ገደለኝ» አለችን። አምስት ልጅ ወልዳለታለች።

እሱ ጡረታዬ ነው ብሎ ቤቱ ሲቀመጥ እኔ አራዳ የራሴን ጠባብ ሱቅ ከፈትኩ። መጀመሪያ ላይ ዲስክ እጽፍ ነበር፤ ከዚያ ፍላሽ መጣ፤ ከዚያ ሰው ሚሞሪ ካርዱን ይዞ እየመጣ «ሙይልኝ» ማለት ጀመረ። ማንም ማጫወቻህ ምን ዓይነት ነው ተብሎ መጠየቅ አያስፈልገውም፤ ሁሉ ነገር ሁሉም ላይ ይጫወታል። በመጨረሻዎቹ ወራት የሚመጡልኝ ሽማግሌዎች ብቻ ነበሩ። አሮጌ ዲስካቸውን ይዘው፣ «ይኼን ወደ ስልክ አግቢልኝ» ይላሉ። ተገላቢጦሽ መሥራት ጀመርኩ ማለት ነው። ጋሽ አበጀ ይህን ሳያይ አረፈ፤ ቢያይ ይስቅ ነበር ብዬ አስባለሁ።

እስካሁን ዙሪያውን ስዞር የቆየሁት አንድ ነገር ስላለ ነው። እሱን ካልነገርኩ ሌላው ሁሉ ጉራ ነው።

ገና ፒያሳ ሳለን፣ አንድ ጥር ነው። ጎንደር ውስጥ ጥር ማለት ጥምቀቱም ሰርጉም ባንድ ላይ ማለት ነው፤ ጠረጴዛችን ላይ የካሜራ ካርድ ክምር፣ በራችን ላይ የሰው ክምር ነበር። ጋሽ አበጀ ወገቡን ታሞ ቤቱ ተኝቷል። ጥላሁን የሚባል አስተማሪ የእህቱን የአልማዝን ሰርግ ይዞ መጣ። ሰርጉ የተደረገው በደባርቅ መንገድ ያለችው ኮሶዬ፣ ወላጆቹ ቤት ነው፤ የቀረጸው ከአዲስ አበባ የመጣ የሙሽራው ዘመድ ነው። ጥላሁን አንድ ነገር ብቻ አደራ አለኝ። «እናቴ ዲስክ መቀየር አትችልም። ሁሉንም አንድ ዲስክ ላይ አድርጊልኝ።»

ፊልሙ ረጅም ነው፤ አንድ ዲስክ ላይ አልገባ አለ። ትክክለኛው መንገድ ጥራቱን ጥቂት ዝቅ አድርጎ እንደገና ኮንቨርት ማድረግ ነበር። ያ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ማሽኑን ይይዛል፤ ወረፋው ደግሞ እስከ በር ደርሷል። የሚቆረጥ ነገር ፈለግሁ። መሃል ላይ አሥራ አራት ደቂቃ አገኘሁ። ዳስ ውስጥ ሽማግሌዎች በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ አንድ ጋቢ የለበሱ ሰው ተቀምጠው ረጅም ነገር ይናገራሉ። ካሜራው አይንቀሳቀስም። የኮሶዬ ንፋስ ማይኩን ይዞታል፤ በማዳመጫ ጥቂት ብሰማ ከሽውታ በቀር ቃል አይለይም።

ጥሎሽ ነው አልኩ። የከተማ ቤተሰቦች ሁልጊዜ የሚያስቆርጡን ይህንኑ ነው። የሙሽራው ወገን ያመጣው ልብስና ጌጥ ሲታይ፣ ይህ አነሰ ያኛው ጎደለ እየተባለ ሽማግሌዎች የሚከራከሩበት ክፍል፣ ነገ ልጆቻቸው ሲያዩት ነውር ነው ይሉናል። ሁለት ረድፍ ሽማግሌና ረጅም ንግግር ካየሁ እጄ ሳይታዘዝ ይቆርጥ ነበር። ቆረጥኩት። የቀረው ልክ ገባ። ጠላቴ ላይ መጀመሪያውን አየሁ፣ መጨረሻውን አየሁ፣ ከበሮዋን አየሁ፤ ደህና ነው። ከዚያ የጋሽ አበጀን እርሳስ ከመሳቢያ አውጥቼ ፖስታው ላይ «አይቼዋለሁ» ብዬ ጻፍኩ። ካርዱን መለስኩ፤ ኮምፒውተሩም ቦታ ስለጠበበው ፋይሉን አጠፋሁ።

በመስከረም ጥላሁን ተመልሶ መጣ። ጥቁር ለብሷል። አባቱ አያ ደምሴ ነሐሴ ላይ ታመው አርፈዋል፤ አርባቸው ወጥቷል። ጋሽ አበጀ ወገቡ ተሽሎት ከእኔ ጎን ተቀምጧል።

«ምርቃቱ የለም» አለ ጥላሁን።

«የምን ምርቃት?» አልኩት።

«የአባቴ። ለአልማዝ የመረቀው። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው፣ እሱ በመሃል ሆኖ...»

ከዚያ በላይ መናገር አላስፈለገውም። ንፋሱ ጆሮዬ ውስጥ ጮኸ።

ጥላሁን አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ቀስ ብሎ አስረዳን። አባቱ ሲመርቁ እናቱ እማማ የሺ ጓዳ ነበሩ፤ ወጥ ሲያስወጡ፣ እንጀራ ሲያስቆጥሩ። ወጥተው ሲደርሱ አልቋል። «ምንም አላለችም፤ ፊቷ ግን ተለወጠ። ተቀርጿል፣ ዲስኩ ሲመጣ ታይዋለሽ ብዬ ያጽናናኋት እኔ ነኝ። ዲስኩ ሲመጣ ደግሞ አላይም አለች። አባቴ በሕይወት እያለ ስንት ጊዜ እንክፈተው ብንላት እንቢ አለች፤ ምን እንደሆነች አላውቅም። ያለ እሷ አናየውም ብለን እኛም ሳንከፍተው ቆየን። አርባው ካለቀ በኋላ ነው፣ በሉ ክፈቱትና ልስማው ያለችው። ከፈትነው። የለም።»

ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ጋሽ አበጀ አነሳውና ጽሕፈቱን አየ። የእሱ እጅ እንዳልሆነ ወዲያው ያውቃል።

«አይተሽዋል?» አለኝ።

«አላየሁትም።»

መነጽሩን አውልቆ ጠረገና መልሶ አደረገ። «ቃሉ የእኔ ነው» አለው ለጥላሁን። «ስለዚህ ጥፋቱም የእኔ ነው። ያለውን ሁሉ እንሞክራለን።» እሜቴ ዘይነብ አላለኝም። ያን ቀን ምንም አልጠራኝም።

ሞከርን። የጠፋ ፋይል የሚፈልግ ፕሮግራም አግኝተን ኮምፒውተሩን ሳምንት ሙሉ አስፈተሽነው። የሌላ ሰው ሰርግ ቁርጥራጭ፣ የአንድ ሕፃን ልደት፣ ግማሽ የጥምቀት ታቦት አወጣልን። ከኮሶዬው አንዲት ቅንጣት የለም። የካሜራው ባለቤት በስልክ ተገኘ፤ ካርዱ ላይ ከዚያ ወዲህ ስምንት ሰርግ ቀርጾበታል። እነዚያ አሥራ አራት ደቂቃዎች ከዓለም ጠፍተዋል።

«ሄደን እንነግራቸዋለን» አለ ጋሽ አበጀ። «ይኼ በልጅ የሚላክ ነገር አይደለም።» ወገቡን በመቀነት አስሮ የደባርቅ አውቶቡስ ላይ ወጣ፤ በየጉድጓዱ ዓይኑን እየጨፈነ ደረሰ። ኮሶዬ ጉም ነበር። ቤቱ ከአስፋልቱ አይርቅም። እማማ የሺ ቀጭን፣ ራሳቸውን በጥቁር ሻሽ ያሰሩ ሴት ናቸው። አጠገባቸው ትንሿ ልጃቸው ሰናይት፣ አሥራ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ተቀምጣለች።

ጥላሁን ፖስታውን ለእናቱ መልሶላቸው ኖሯል። ከብብታቸው አወጡት።

«እኔ ማንበብ አላውቅም» አሉኝ። «እዚህ ላይ አይቼዋለሁ ይላል አሉኝ። ያየሽው አንቺ ነሽ አሉ።»

«አዎ፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ እማማ።»

«እንግዲያ ሸጋ ነው። ዲስኩ ቢጠፋም አንቺ አለሽ። በይ ንገሪኝ፤ ምን አለ?»

ጋሽ አበጀን አየሁት። ወለሉን ያያል። ይህን የምመልሰው እኔ ነኝ።

«አላየሁትም እማማ። ሳላይ ነው የጻፍኩት።»

«ምነው?» አሉኝ።

ቁጣ አልነበረበትም። የእውነት ሊያውቁ ፈልገው ነው የጠየቁኝ። «ቸኩዬ» አልኩ። እሳቸው ፖስታውን አጥፈው ብብታቸው መለሱትና ተነሥተው ወጡ። ሄዱብን ብዬ ሳስብ ድንች ቀቅለው መጡ። የእስላም ልጅ መሆኔን ስሜ ነግሯቸው፣ «በአዲስ ድስት ነው፤ ብይ» አሉኝ። ድንቹን በእጄ ይዤ አለቀስኩ። ማንም ዝም በይ አላለኝም።

ስንወጣ አያ ካሴ የሚባሉ ጎረቤት ሽማግሌ በሩ ላይ ቆመው ሁሉንም ሰምተዋል። «እኔ እኮ እዚያው ነበርኩ» አሉ። «'ከደጃችሁ እንግዳ አይጥፋ' ማለቱን አስታውሳለሁ። ሌላውን እንጃ።» አውቶቡሱ ላይ ያቺን ቃል እያሰብኩ ተቀመጥኩ። ጎንደር ስንገባ ለጋሽ አበጀ፣ «ሌሎቹስ? እያንዳንዱ አንዳንድ ቃል ቢያስታውስ?» አልኩት። «የሱቁን ካሜራ ከባለቤቱ እኔ እለምንልሻለሁ፤ መሄዱ ግን ያንቺ ነው» አለኝ።

በጥቅምት ቅዳሜ ቅዳሜ ኮሶዬ ሄድኩ። ገብስ የሚታጨድበት ወቅት ነው። ዳሱ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ እየተጠየቀ፣ ማጭዱን እንደያዘ፣ አውድማ ላይ እንደቆመ ያስታወሰውን ይነግረኛል። ንፋስ እንዳይገባ ማይኩን በጋሽ አበጀ ጨርቅ ጠቀለልኩት፤ እሱ ራሱ ነው ከመሳቢያው አውጥቶ የሰጠኝ። አንዱ ሁለት ቃል፣ አንዱ ግማሽ ቃል ይሰጠኛል። አንዱ ያለውን ሌላው፣ «ኧረ እንዲያ አላለም» ይላል። አሥራ አንድ ሰው ቀረጽኩ። ሰናይት ብቻ እንቢ አለች፤ ባየችኝ ቁጥር ትሸሻለች። በመጨረሻው ቅዳሜ አውቶቡስ ስጠብቅ አስፋልቱ ድረስ ተከትላኝ መጣች። «እኔንም ቅረጪኝ» አለችኝ። የተናገረችውን ስሰማ፣ እናትሽ እንዲያዩት ትፈልጊያለሽ ወይ ብዬ ሁለት ጊዜ ጠየቅኋት። ሁለት ጊዜም አዎ አለች።

ዲስኩን በዝቅተኛው ፍጥነት ጻፍኩ። ጋሽ አበጀ ጠላቴ ላይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየው። እኔም ከጎኑ ተቀምጬ አየሁ። ሲያልቅ እርሳሱን ለእኔ ሰጠኝ።

ኅዳር ላይ ይዤው ሄድኩ። ቀን ነው፤ በሩ ተከፍቷል፤ ጥላሁንም አልማዝም መጥተዋል፤ ሰናይት በሩ አጠገብ ቆማለች። እማማ የሺ በርጩማቸውን ስበው ከቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጡ። ሰው በተናገረ ቁጥር «አሜን» ይላሉ። ደግሞ ይመርጣሉ። አንድ ገበሬ፣ «ዘራችሁ እንደ ምድር አሸዋ ይብዛ አለ» ሲል፣ «ይኼ የቄሱ ነው፤ ደምሴ አሸዋ የት ያውቃል» አሉ። አንዲት ሴት ደግሞ፣ «'ስትጣሉ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፤ ጎረቤት የራሱ ጣጣ አለው' ብሎ አሳቀን» ስትል፣ እማማ የሺ ጉልበታቸውን መቱ። «ይኼ እሱ ነው። እሱ ራሱ ነው» አሉና ሳቁ፤ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰናይት መጣች። ከኋላዋ አስፋልቱና ጉሙ ይታያል።

«አባቴ ሊመርቅ ሲል ዙሪያውን አየና፣ 'እናትሽ የት አለች?' አለኝ። 'ሂጂ ጥሪያት፤ እሷ ሳትኖር እንዴት እመርቃለሁ' አለኝ። ሄድኩ። አዝማሪው ከዳሱ ኋላ መሰንቆውን ይቃኝ ነበር፤ እሱን ሳይ ቆየሁ። ስመለስ፣ 'ምን አለች?' አለኝ። ጓዳ ሳልደርስ፣ 'ሥራ በዝቶብኛል፣ አልመጣም ብላለች' አልኩት። አላለችም። እኔ ነኝ ያልኩት።»

ሰናይት በሩን ይዛ ፊቷን ወደ ውጭ አዙራለች። ማጫወቻውን ላጠፋ እጄን ስዘረጋ እማማ የሺ ያዙኝ።

«ፈልጎኝ ነበር» አሉ፤ ለማንም አይደለም። «እኔ ትቶኝ መረቀ ብዬ አኮረፍኩት። እሱ እንቢ አለችኝ ብሎ ዝም አለ። ሁለታችንም ዝም እንዳልን ሞተ።» ከዚያ ዘወር ሳይሉ እጃቸውን ወደ በሩ ዘረጉ። ሰናይት መጥታ እግራቸው ሥር ቁጭ አለች፤ ነጠላቸውን አለበሷት።

«በይ የኔ ሸጋ፣ እዚያ ጋ መልሽው» አሉኝ። «የጠየቀው ጋ።»

መለስኩት። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ሰናይት፣ «'እናትሽ የት አለች?' አለኝ» አለች። እማማ የሺ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አለሁ» አሉ።